95 ለ7 ሲካፈል፦ የአጎቴ የእንቅልፍ ምርመራ

አጎቴ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸው 54 ነው። ሕመማቸው እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቋረጥ ነው፤ ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከምርመራው እስከ ማሽኑ ድረስ አብሬያቸው ነበርኩ። ፋይሉን ይዤ የዞርኩት እኔ ነኝ። ደረሰኙን የሰበሰብኩትም፣ ንዴታቸውን የተቀበልኩትም እኔው ነኝ። «ጻፈው፣ ስሜን ብቻ እንዳታነሳ» ብለውኛል። የክሊኒኮቹንም ስም አላነሳም።

ሙስበሃው

ቤታቸው ደሴ፣ ጦሳ ስር ነው። ማንኮራፋታቸው ከግቢው በር ላይ ይሰማል። እንግዳ የሚያድር ከሆነ እትዬ (ባለቤታቸውን እንዲህ ነው የምንላቸው) ቀድመው ያስጠነቅቃሉ። ድምፁን ቤተሰቡ ሁሉ ለምዶታል። እትዬ ያልለመዱት በመሀል የሚመጣውን ዝምታ ነው።

ሙስበሃቸው (የጸሎት መቁጠሪያቸው) ትራሳቸው ስር ነው የሚያድረው። ትንፋሹ ቀጥ ሲል ያነሱትና መቁጠር ይጀምራሉ። አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ፣ ሦስት ፍሬ። አንዳንድ ሌሊት 20 ይደርሳሉ። ከዚያ አጎቴ ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው አየር ይስባሉ፣ ይገላበጣሉ፣ እንደገና ያንኮራፋሉ። ጠዋት ሲነገራቸው «ወላሂ፣ አንድም ጊዜ አልነቃሁም» ነው መልሳቸው።

አያቴ ዱካክ ነው አሉ። ቁርአን ተቀራላቸው። ጥቁር አዝሙድም ተሞከረ። ያኔ ማናችንም ሐኪም ቤት ትዝ አላለንም። ማንኮራፋት መቼ በሽታ ሆኖ ያውቃል? የደከመ ሰው ያንኮራፋል፣ በቃ።

ሌሎች ምልክቶችም ነበሩ፤ አንዱን ከአንዱ ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል። ጁምዓ ኹጥባ ላይ ያንቀላፋሉ፤ አንዴ ድምፅ አውጥተው አጠገባቸው ያሉት ሰውዬ በክርን ጎሽመዋቸዋል። የደም ግፊታቸው ደግሞ በሦስት መድኃኒት አልወርድ ብሏል።

ነገሩን የለወጠው የሐረጎ ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ ሲሚንቶ ጭነው ወደ ደሴ እየወጡ፣ ጠመዝማዛው ላይ ዓይናቸው ተከደነ። ረዳታቸው ጮኾ መሪውን ያዘ። እየወጡ መሆኑ በጀ፤ ቁልቁል ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ረዳቱ ለእትዬ ነገራቸው፣ እትዬ ለእኔ ደወሉ።

ስምንቱ ጥያቄዎች

ደሴ የግፊት ክትትል የሚያደርጉላቸው ወጣት ሐኪም ነገሩን ሲሰሙ መድኃኒት አልጨመሩም። ሜትር አምጥተው አንገታቸውን ለኩ። 44 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ስምንት ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጡን። ተቀምጦ ሲያነቡ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ከምሳ በኋላ ዝም ብለው ሲቀመጡ፣ መኪና ውስጥ ትራፊክ ይዟቸው ሲቆሙ እንቅልፍ የመጣል ዕድሉ ስንት ነው ይላል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል። ድምሩ ከ24 ነው፤ ከ10 ካለፈ የቀን እንቅልፉ በዝቷል ማለት ነው።

አጎቴ ሞልተው መለሱት። ድምሩ 4።

ሹፌር ናቸው እኮ! እንቅልፍ ይጥለኛል ብለው በእጃቸው ፈርመው መንጃ ፈቃዳቸውን ሊያጡ ነው? አልፈረድኩባቸውም። እትዬ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡትና ብዕር ጠየቁ። በእሳቸው አሞላል 17 ሆነ። ሐኪሙ ሁለቱንም ፋይሉ ውስጥ አስገቡ። ሲያስረዱንም ጉሮሮ ውስጥ ያሉ ጡንቻዎች እንቅልፍ ላይ ይላላሉ፣ ምላስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ የአየር መንገዱ ይዘጋል አሉን። አንጎል አየር ሲያጣ ደንግጦ ይቀሰቅሳል፤ ሰውየው ግን መንቃቱን አያስታውስም። ልብና የደም ሥርም ሌሊቱን ሙሉ አብረው ይደነግጣሉ። ግፊቱ አልወርድ ያለው ለዚህ ሊሆን ይችላል ብለው ወደ አዲስ አበባ ጻፉልን።

«ቀላል»

400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አንድ የግል ክሊኒክ ደረስን። እኛ የጠበቅነው እዚያው ተኝተው ሲታዩ ማደርን ነበር። የተሰጠን ግን በትንሽ ቦርሳ ያለ መሣሪያ ነው። አፍንጫ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ደረት ላይ ቀበቶ፣ ጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያ። «ቤት ወስዳችሁ አስተኟቸው፣ ጠዋት መልሱት» ተባልን።

ያረፍንበት ዘመድ ቤት ፍራሹ ሳሎን ተዘረጋላቸው። እንግዳ ሆነው ቡና እምቢ አይባልም፤ ማታ ሦስተኛውን ሲኒ ጠጥተዋል። ከዚያ ሽቦ ተጠምጥሞባቸው ጣራ ሲያዩ አመሹ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ያወሩኝ ነበር።

ውጤቱ በሁለተኛው ቀን ወጣ። ሦስት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ 13.6 የሚል ቁጥር አለ፤ ከሥሩ ቀላል ደረጃ ይላል። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር፦ «ሲፓፕ ማሽን ይጠቀሙ።» ሲፓፕ ማለት በማስክ በኩል አየር እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ ማሽን ነው። ወረቀቱን የሰጠን ልጅ «አብሽሩ አባቴ፣ ቀላል ነው» አለ። ማብራሪያው ይኸው ነበር።

አጎቴ የክሊኒኩ መውጫ ደረጃ ላይ ቆመው አፈጠጡብኝ።

«ቀላል ከሆነ ማሽን ለምን? ማሽን የሚያስፈልገኝ ከሆነ ደግሞ ቀላል ያለኝ ማነው?»

መልስ አልነበረኝም። የማሽኑን ዋጋ ስጠይቅማ ጭራሽ «የሁለት በሬ ዋጋ ለማንኮራፋት!» ብለው አውቶቡስ እስክንሳፈር አላናገሩኝም። ደብረ ሲና ስንደርስ ተኝተው ነበር። አፋቸው ተከፍቶ፣ ትንፋሻቸው እየቆመ እየቀጠለ። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ይሳሳቃሉ። እኔ ሞባይሌ ላይ ሰከንድ እየቆጠርኩ ነበር፦ 22፣ 31፣ 19። ይሄ ነው ቀላል?

«ቀላል» የምትለዋ ቃል ብዙ ጥፋት አጥፍታለች። የሕክምናው አከፋፈል በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ ተቋረጠ ወይም በከፊል ተዘጋ የሚለውን ይቆጥራል። ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየው ነው የሚቆጠረው። በሰዓት ከ5 በታች ጤናማ ነው። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ይህ የቁጥር ስያሜ ነው። ሰውየው መሪ ላይ ማንቀላፋቱን፣ ግፊቱ አልወርድ ማለቱን ቁጥሩ አያውቅም። ቀላል ደረጃ ላይ ያለ ሰውም የቀን እንቅልፍ ወይም የደም ግፊት ካለበት ማሽን ይታዘዝለታል። ይህን በዚያች የክሊኒኩ ደረጃ ላይ አንድ ሰው በሁለት ደቂቃ ቢነግረን ኖሮ ሦስት ወር ባልባከነ።

አካፋዩ

ሦስት ወር ወረቀቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። አንድ ቅዳሜ የእትዬ ቡና ላይ አወጣሁትና እንደ ሂሳብ መዝገብ ከመጨረሻው ገጽ ወደ ፊት አነበብኩት። የሙያ ልማድ ነው። ድምር አምኜ አልጀምርም።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ጥሬ ቁጥሮቹ አሉ። የተቆጠረው መቋረጥ 95። የተቀዳበት ጊዜ 7 ሰዓት። 95 ለ7 ሲካፈል 13.6 ገደማ ይመጣል። እሺ። ግን ሰውየው መች 7 ሰዓት ተኙ? እኔ አጠገባቸው ነበርኩ! ግፋ ቢል አራት ሰዓት ተኩል ነው። 95 ለ4.5 ሲካፈል 21 ነው። ከቀላል ወደ መካከለኛ ተሻገረ።

ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላሉ አንዲት የሳንባ ሐኪም በሰው በኩል ላክሁ። ማታ ደወሉልኝ። ግምቴ ትክክል እንደሆነ ነገሩኝ። ያ የቤት መሣሪያ የአንጎል ሽቦ የለውም፤ ተኝቷል ወይም ነቅቷል የሚለውን አያውቅም። ስለዚህ የሚያካፍለው ለእንቅልፍ ሰዓት ሳይሆን ለቀረጻ ሰዓት ነው። ጣራ ሲያዩ ያመሹበት ጊዜ ቁጥሩን አሳነሰው። የቤት ምርመራ ባጠቃላይ ወደ ማሳነስ ያደላል አሉ። ግን ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላም ነገር አሳዩኝ፤ እኔ ዘልዬው ነበር። በጀርባ ሲተኙ በሰዓት 31፣ በጎን ሲተኙ 6። የኦክስጅኑ ዝቅተኛ ቁጥር ደግሞ 74 በመቶ። እኛ ያለንበት ከፍታ እዚህ ላይ ይገባል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። የደጋ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲነሳም ትንሽ ዝቅ ያለ ነው፤ ትንፋሽ ሲቋረጥ ከዚያ ላይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ያው ሰላሳ ሰከንድ ቆላ ካለው ሰው ይልቅ ደሴ ያለውን በጥልቀት ይጥለዋል። አጎቴ «ኮምቦልቻ ሳድር ይሻለኛል» ሲሉ እትዬ በሌላ ነገር ይጠረጥሩ ነበር። ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። ሐኪሟ ስቀው «ሊሆን ይችላል፣ ይቅር ይበሏቸው» አሉ።

ስልኩን ለአጎቴ ሰጠኋቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ከዘጉ በኋላ «እና 21 ነኝ ማለት ነው» አሉ። እንደ ፈተና ውጤት ነው የተናገሩት። ማሽኑን የተቀበሉት ያን ቀን ነው።

ከጂዳ የመጣው ሻንጣ

ማሽኑ የመጣው ከጂዳ ነው። ሴት ልጃቸው እዚያ ናት። አንድ ሰው የተጠቀመበትን በርካሽ አግኝታ በምትመለስ ጓደኛዋ ሻንጣ ላከችው። ያገለገለ ማሽን የምትገዙ ካላችሁ መጀመሪያ ሞዴሉን አጣሩ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ፊሊፕስ ውስጡ ያለው የድምፅ መከላከያ ስፖንጅ እየተበላሸ ስለሆነ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖቹ እንዲመለሱለት ጠርቷል። የእኛ የሌላ ኩባንያ ስለነበር ተረፍን።

የመጀመሪያው ሌሊት 40 ደቂቃ ቆየ። «መስኮት ከፍቼ በመቶ የምነዳ መሰለኝ» አሉ። ሁለተኛው ሌሊት ሆዳቸው በአየር ተነፍቶ እስከ ሱብሂ ሲያገሱ አደሩ። ማስኩ ትልቅ ነበር፤ ከጢማቸው ጋር አልገጥም ብሎ በጎን ያፏጫል። የልጅ ልጆቻቸው «አባባ ዝሆን ሆኑ» ብለው በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ። በሳምንቱ ማሽኑ መስኮት ላይ ወጣ። እትዬ ዳንቴል አለበሱት።

ደግነቱ ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል። ሐኪሟ ዘንድ ደወልን፤ ከስክሪኑ ላይ እየተነበበ ሲሄድ ነገሩ ተገለጠ። የአየሩ ግፊት 14 ላይ ተቆልፏል። የቀድሞው ባለቤት ልክ ነው! የሰው ጫማ ማለት ነው። ይባስ ብሎ በሰዓት 11 መቋረጥ እየታየ ነበር፤ አብዛኛው ጉሮሮ ተዘግቶ ሳይሆን መንገዱ ክፍት ሆኖ አንጎል መተንፈሱን የሚዘለው ዓይነት ነው። ይህኛው በከፍታ ቦታም፣ አንዳንዴ ማሽን ሲጀመርም ይመጣል። አየር በመጨመር አይድንም።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ፀብ የተነሳው። ሐኪሟ በስፒከር «ግፊቱን ማስተካከል አለብን» ሲሉ አጎቴ ተቆጡ። «የኔን ግፊት ማውረድ ሲያቅታችሁ ሌላ ግፊት ልታመጡብኝ ነው?» ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ የማሽኑ ግፊትና የደማቸው ግፊት አንድ ነው የመሰላቸው። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጥቶ ቁጭ ብሏል። ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። «በጎማ ስንት ይሆናል?» አሉኝ። ሠራሁላቸው፦ 14 ሴንቲ ሜትር ውሃ (የማሽኑ ግፊት የሚለካው በዚህ ነው) በጎማ መለኪያ 0.2 ፒኤስአይ ገደማ ነው። የመኪናቸው ጎማ የሚሞላው ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ነው። «ይቺን ነው የፈራኋት?» ብለው ሳቁ። ጉሮሮን ንፋሱ እንደጎደለ ጎማ አድርገው ካሰቡት በኋላ ማሽኑ ገባቸው። ይህን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ ያደረጉት ኮሊን ሱሊቫን የሚባሉ የአውስትራሊያ ሐኪም ናቸው፤ መጀመሪያ የተጠቀሙት የምንጣፍ አቧራ መጥረጊያ ሞተር ገልብጠው ነበር። ይህን ስነግራቸው «ጋራዥ የዋለ ሰው መሆን አለበት» አሉ። ምስጋና መሆኑ ነው።

ማሽኑ እንደ አስፈላጊነቱ ከ6 እስከ 12 ራሱ እየመረጠ እንዲሠራ፣ ሲጀምርም ከ4 ተነስቶ ቀስ እያለ እንዲጨምር ተስተካከለ። ማስኩ አፍንጫ ላይ ብቻ በሚቀመጥ ትንሽ ተቀየረ። እሱንም ጂዳ ናት የላከችው። ማታ ከመታገል ይልቅ ከሰዓት ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ ግማሽ ሰዓት አድርገውት ሬዲዮ እንዲሰሙ ተደረገ። እትዬ ደግሞ የአሮጌ ጃላቢያ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍተው የልጆቹን ኳስ ከተቱበት። በጀርባ ሲገለበጡ ኳሱ ይወጋቸዋል። ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ይኼ ነበር፤ 31 እና 6 የሚሉት ቁጥሮች ካልተነበቡ ግን ማንም አያስበውም።

ሁለት ፍርሃት ቀረ። አንዱ መብራት ነው። «ተኝቼ ቢሄድስ? ታፍኜ ልሙት?» እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ ደሴ ለሚኖር ሰው። ማስኮቹ ላይ ትንንሽ የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎች አሉ፤ አፍና አፍንጫን የሚሸፍነው ትልቁ ማስክ ደግሞ አየር ሲቆም የሚከፈት መዝጊያ አለው። ሰው ግን በወሬ አያምንም። ቀን ሶፋ ላይ ተቀምጠው ትልቁን ማስክ አደረጉ። «ንቀል!» አሉኝ፤ ሶኬቱን ነቀልኩት። ዓይናቸው ፈጠጠ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ። አልታፈኑም። አፍንጫ ላይ በሚቀመጠውም ደገምነው፤ እዚያ ደግሞ አፍ ነፃ ነው። ከዚያ በኋላ መብራት ሲሄድ ነቅተው አውልቀው ይተኛሉ፤ ሲመጣ ይመለሳሉ።

ሁለተኛው ውሃ ነው። አየሩን የሚያረጥበው ሳጥን በእንፋሎት የተጣራ ውሃ ይፈልጋል። ሹፌር ምን ያስባል? የባትሪ ውሃ! ገዝተው መጥተው ነበር። በእግዜር፣ በአላህ፣ እንዳታደርጉት። በባትሪ ውሃ ስም አሲድ ያለበትም ይሸጣል፤ የሚገባውም ሳንባ ውስጥ ነው። የተጣራ ውሃ ሲጠፋ አፍልተን ያቀዘቀዝነውን እናደርጋለን፤ ጠዋት ይደፋል፣ ሳጥኑ ይታጠባል፣ ነጭ ዝቃጭ ሲይዝ በአቼቶ ይጸዳል።

ከፍታውንም አይተናል። መመሪያው ማሽኑ እስከ 2,591 ሜትር ይሠራል ይላል። ደሴ ለጥቂት ገባች።

አሁን

ስድስት ወር ሆኗል። ማሽኑ እንደሚያሳየው በየሌሊቱ በአማካይ ለአምስት ሰዓት ግድም ይጠቀሙበታል። መቋረጡ በሰዓት 4 አካባቢ ነው፤ ያ አንጎል መተንፈሱን የሚዘለው ዓይነትም ቀንሷል። ለሽንት ሌሊት አንዴ ብቻ ይነሳሉ። ስምንቱን ጥያቄ እትዬ በድጋሚ ሞሉት፦ 7።

የደም ግፊቱ ግን እንደጠበቅነው አልወረደም። ያው ሦስቱ መድኃኒት ቀጥሏል። አጎቴ በዚህ አሁንም ይናደዳሉ፤ እኔም ትንሽ ተናድጃለሁ። ሐኪሟ ማሽኑ በአማካይ የሚያወርደው ጥቂት ነጥብ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም ባለባቸው ከ2,700 በላይ ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት ላይም ማሽኑ የልብ ድካምንና ስትሮክን አልቀነሰም፤ የቀን እንቅልፍን ግን ቀንሷል። እዚያ የነበሩት ሰዎች በየሌሊቱ በአማካይ የተጠቀሙት ለሦስት ሰዓት ከትንሽ ነበር፤ ባለሙያዎች በዚህ ላይ ይከራከራሉ። ለእኛ ግን ሐረጎ ላይ አለማንቀላፋት ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ክብደቱ አለ ደግሞ። 96 ኪሎ ነበሩ፤ ሦስት ቀንሰዋል። የዊስኮንሲን ነዋሪዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አሥር በመቶ ክብደት መቀነስ መቋረጡን በሩብ ያህል እንደሚያወርድ አሳይቷል። «ስድስት ኪሎ ቀረኝ» ይላሉ፣ ሁለተኛውን ጭልፋ ሽሮ እየጨለፉ።

ባለፈው ሳምንት የማስኩ ላስቲክ ተቀደደ። ደሴ ፈለግን፣ የለም። አጎቴ ጎሚስታ ወስደው ሊያስለጥፉት ሲነሱ እትዬ ቀምተው ደበቁባቸው። አዲሱ ከጂዳ ተገዝቷል፤ ከዒድ በኋላ በምትመጣ ልጅ ሻንጣ ይደርሳል። እስከዚያ ኳሷን ታቅፈው፣ ማለቴ በጀርባቸው አዝለው፣ በጎናቸው ይተኛሉ። ሙስበሃውም ትራስ ስር ተመልሷል።